ኪሴ የከተትኳቸው ሁለት ሮንዴላዎች

ይህን ለሚስቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህቺን ዋጥኳት። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ።

ሶዶ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። የናፍጣ ሞተር በጆሮው ያውቃል ይሉኛል፤ ስባልም ደስ ይለኛል። እትዬ አስካለ የሚባሉ ነጋዴ ከቤሌ ዝንጅብል የሚያስጭኑበት አሮጌ አይሱዙ ነበራቸው፤ ሾፌሩ አንጁሎ ነበር። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች እኔ ጠግኜ ገጠምኩ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው እየተንተፋተፈ፣ ነጭ ጭስ እየተፋ ተመለሰ።

ሞተሩን አስነስቼ የኖዝሎቹን ቱቦ በየተራ አላላሁ። የሚሠራው ሲላላ ሞተሩ ይደክማል፤ የሞተው ሲላላ ምንም አይለወጥም። ሦስተኛው ላይ ምንም አልተለወጠም። ነቀልኩት። ከኖዝል ሥር ሮንዴላ፣ ቀጭን የመዳብ ቀለበት፣ ይገባል፤ አንድ ብቻ። አዲስ እንደልብ ስለማይገኝ አሮጌውን እሳት ላይ አቅልተን መልሰን እንገጥመዋለን። እኔ ሆዬ የድሮው ሮንዴላ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ መቅረቱን ሳላይ ሌላ ደርቤበት ኖሯል። በሽቦ ስጎረጉር ሁለቱም ወጡ፤ በድርቡ ምክንያት ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ብሎ ናፍጣው በደንብ አይነድም ነበር።

እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ታዲያ ምን አደረግኩ? እትዬ አስካለ ከኋላዬ ቆመው ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ፣ ሮንዴላዎቹን ቱታዬ ኪስ ከትቼ፣ "ናፍጣው ውሃ አለው" አልኳቸው። የማጣሪያውን ናፍጣ ራሴ ቀድቼ አይቼዋለሁ፤ ጠብታ ውሃ አልነበረውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከየት ቀዳህ ብለው ወደ አንጁሎ ዞሩ። አንጁሎ መዋሸት አይችልበትም። ማደያው ሰልፍ ስለነበረ፣ ቤሌ በጀሪካን ከሚሸጠው ከሚስቱ ወንድም ከማርቆስ እንደቀዳ ነገራቸው። ቁልፉን እዚያው ተቀበሉት። እኔስ? መፍቻ እጠርግ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ምን እሆን ነበር? አንድ ደንበኛ ይቀርብኝ ነበር፤ በቃ።

ምነው በዚያ ባበቃ! አንጁሎ አመነኝ። እንጀራዬን ቆረጥከኝ ብሎ ማርቆስን ተጣላው። ማርቆስ ሽማግሌዎች ፊት ውሃ አልጨመርኩም ብሎ ማለ፤ የሶዶው መካኒክ አይቶታል ተባለና ሰሚ አጣ። የማለው እሱ፣ የዋሸሁት እኔ።

ዓመታት አለፉ። አንጁሎ አሁን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ደጃፌ ላይ ባቆመ ቁጥር መቆሚያ መቀመጫ አጣለሁ፤ የያዝኩትን መፍቻ እፈልጋለሁ። ሰሞኑን መጣ፤ ሴት ልጁን ሊድር ነው። ማርቆስን ጠራኸው ወይ አልኩት፤ ምን አፌን እንዳስከፈተኝ እንጃ።

"እሱ በደጄ አያልፍም" አለኝ። "አንተ ባትነግረኝ ኖሮ፣ ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ወንድሜ እያልኩ እኖር ነበር። ጌታ ይባርክህ።"

እኔም "አሜን" አልኩ። ሰማችሁኝ? አሜን አልኩ።

ልጅ ነበርኩ፣ ቸግሮኝ ነበር አልልም፤ አልነበርኩም፣ አልቸገረኝም። ይቅር በሉኝም አልላችሁ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ሮንዴላዎቹ አሁንም እኔ ጋ ናቸው። ስንቴ ይዣቸው ወጥቼ ስንቴ ከመንገድ ተመለስኩ! ሠርጉ እሑድ ነው። አንጁሎ የልጅቷን አጎት፣ የማርቆስን ቦታ፣ አንተ ያዝልኝ ብሎኛል።