እናቴ የቆረጠችው አርብ

እናቴ አፀደ በመካኒሳ አቦ ሰፈር በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በሽሮዋና በአፏ። ሽሮዋን በራችን ላይ በኪሎ ትሸጣለች፣ አፏን ግን ለማንም በነጻ ታድላለች። እንደሷ ያለ ቆጣቢም አላየሁም። ልጅ ሆኜ ልደቴን የምታከብርልኝ ከጎረቤት ልጅ ልደት ጋር ደርባ ነበር። ዳቦው አንድ፣ ሻማው አንድ፣ እፍ የምንለው ሁለታችን። የልጅቷ ልደት ግን ከእኔ በሦስት ወር ይቀድማል። ገና ሳይደርስ የሚከበር ልደት የነበረኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ትልቁ ዘዴዋ ግን አርብ ነው። ድግስ ካለባት ወይ ረቡዕ ወይ አርብ ታደርገዋለች። ጾም ነዋ! በጾም ቀን ማን ዶሮ ይጠብቃል? ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ድንች በካሮቱን ትደረድርና «ምን ላድርግ፣ ጾም ሆነብኝ እንጂ በግ ነበር ያሰብኩት» ትላለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። እኔ ስመረቅ አርብ፣ አባቴ ማሞ ጡረታ ሲወጣ ረቡዕ። በጉ እስከ ዛሬ እየታሰበ ነው።

አምና በዐቢይ ጾም መጨረሻ የምወደው ልጅ ሚሳኤል ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመው ጠየቁ፣ አባቴም እንደ ወጉ «ተማክረን እንመልሳለን» አለ። «እንግዲያው ቀን ቁረጡልን» አሉ መሪያቸው አቶ ዋቅጅራ፣ የሚሳኤል አጎት። አባቴ አፉን ሳይከፍት እናቴ ቀደመችው።

«ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛው ሳምንት፣ አርብ!»

«አርብ?» አሉ አቶ ዋቅጅራ።

«አርብ ጥሩ ቀን ነው።»

አንድ ነገር ሊሉ አስበው ነበር፤ ግን ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው ከእናትየው ጋር አይከራከርም። ተሰናብተው ሄዱ።

ነገሩ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። የሚሳኤል ቤተሰቦች ሀና ማርያም ፎቅ ቤት አላቸው። እናቱ «የሽሮ ሻጭ ልጅ ነው ያገኘህልኝ?» ማለቷን ሰምተናል፤ ወሬ መቼም እግር አለው። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። «እነዚህ ሽማግሌዎች ከዚህ ቤት ወጥተው የሚያወሩት ነው አንቺን እዚያ ቤት የሚያስከብርሽ» አለችኝ። «ተዋርደን ከታየን ዕድሜ ልክሽን አንገትሽን ደፍተሽ ነው የምትኖሪው።» እውነቷን ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ፋሲካ መጣ፣ ዶሮዋን በላን። ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን ግን ወደ ሽሯችን ተመለስን፤ ከዚያ ወዲያ ሽሮ፣ ሽሮ፣ አሁንም ሽሮ። እና በእኛ ቤት ጾሙ መፈታቱን ሆዳችን በወጉ አልሰማም። እናቴ ቀን የሚነግረኝ ወረቀት አልፈልግም ብላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ዞር ብላ አታየውም። እኔ እንደሆነ ሚሳኤልን ከማሰብ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

በተቆረጠው አርብ ጠዋት ቲማቲም ልንገዛ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ወጣን። የበኃይሉ ሥጋ ቤት ጋ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ተከፍቷል። ሙሉ ታፋ ተሰቅሏል። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ጥብስ ይበላሉ።

«አንተ በኃይሉ! በአርብ ቀን? አቦን አትፈራም? እናንተስ፣ አፈር ያስበላችሁ፣ ሠፈር መሀል?»

በኃይሉ ቢላዋውን እንደያዘ ብቅ አለ። «እትዬ አፀደ፣ ምን ነካዎት? በዓለ ሃምሳ እኮ ነው! እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለ፣ አርብ የለ። ይበላል!»

እናቴ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ልጄን!» አለች። ቲማቲሙን ረስተን ተመለስን።

እቤት አምስት ዓይነት የጾም ወጥ በዘይት ተሠርቶ አልቋል። ሽማግሌዎቹ አስር ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እናቴ ለመብራት ያስቀመጠችውን ብር ከመቀነቷ ፈታችና ለአባቴ ሰጠችው። «ሩጥ! አንድ ኪሎ ሥጋ! ከዚህ ከበኃይሉ!»

አባቴ ወጣ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አባቴ የለም። ስልኩ ላይ ስንደውል አልጋው ላይ ጮኸ። አስር ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። እንግዶቹ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ አሟቸው ቀርተው በምትካቸው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ መጥተዋል። «ጋሽ ኢስማኢል ይባላሉ፣ የወንድሜ የልብ ጓደኛ ናቸው» አሉ አቶ ዋቅጅራ።

እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደገፈች። «አለቀልኝ፣ ጸደንያ። ሥጋው ቢመጣ ለእሳቸው አይሆንም፣ እስላም ናቸው። ባይመጣ ሁለቱ ያሙኛል። ምን ዓይነት ቀን ነው ባክሽ!»

«ዝም ብለሽ ያለውን አቅርቢ እማዬ፣ ርቧቸዋል።»

«ያለውንማ! የሽሮ ሻጭ ቤት መሆኑን እንዲያረጋግጡ?»

ስለ አየሩ አወራች፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ አወራች፣ ስለማታውቀው ኳስ ሁሉ አወራች። በመጨረሻ የአንደኛው ሽማግሌ ሆድ ሲጮህ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሰማሁት። እሷም ሰማች መሰለኝ፣ ትሪውን ይዛ ወጣች።

ጋሽ ኢስማኢል ትሪውን አዩ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው ፈለጉ። «የእኔስ የት ነው?» አሉ።

«የምን የእርስዎ? አብረው ይብሉ እንጂ። ሁሉም የጾም ነው።»

እሳቸው እጃቸውን ሰደዱ፣ ከሽሮው አንዴ ጎረሱ፣ ደገሙ። «ከእነ ዋቅጅራ ጋር ብዙ ዓመት ሽምግልና ሄጃለሁ» አሉ። «በየሄድንበት ለእነሱ ወጥ ሲቀርብ ለእኔ ጥግ ላይ ለብቻዬ እንቁላል ይጠበሳል። እንቁላል አንገሽግሾኛል! በሽምግልና ቤት ከወንድሞቼ ጋር ከአንድ ትሪ ስበላ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ያሰቡ እናት ምን ዓይነት ልጅ ቢያሳድጉ ነው!» ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ።

እናቴ ሽሮውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ በደስታ ልዘል ነበር።

በሩ ብርግድ አለ። አባቴ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጥቁር ፌስታል ከፍ አድርጎ ይዟል።

«አፀደ! ሥጋው መጣ! ቄራ ድረስ ሄጄ ነው፣ ከበኃይሉ ይረክሳል!»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ዞሩ። ፌስታሉ ደም ያንጠባጥባል።

«የ… የውሻው ነው» አለች እናቴ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አሰበ። «የትኛው ውሻ?»

አቶ ዋቅጅራ ጉርሻቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ሚሳኤልን በልቤ ተሰናበትኩት።

እናቴ ዱካዋን ስባ ተቀመጠች። «ውሻ የለንም» አለች። «ጋሽ ኢስማኢል፣ እርስዎን አስቤ አይደለም። እንደሚመጡም አላውቅም። አርብ ያልኩት ጾም መስሎኝ ነው። ጾም የፈለግኩት ደግሞ የሥጋው ዋጋ ስለማይቀመስ ነው። ያለኝ ሽሮ ነው። በዚያው በሽሮ ነው ይቺን ልጅ ያስተማርኳት። ለልጁ እናት እንደዚህ ብላችሁ ንገሯት።» ድምጿ ተሰበረ። እናቴ ሰው ፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ እኔም ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

መጀመሪያ የጋሽ ኢስማኢል ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። «የትኛው ውሻ!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። አቶ ዋቅጅራም ሳቃቸውን ለቀቁት። «እኔ እኮ ያን ቀን ሃምሳ ነው ልልዎት ነበር» አሉ፣ «ፈራሁዎት!»

እናቴ ዓይኗን በቀሚሷ ጠረገች። «ለሴትዮዋስ ምን ልትሏት ነው?»

«ትሪው ሁለት ጊዜ ተጨመረልን እንላታለና» አሉ ጋሽ ኢስማኢል፣ የተጋመሰውን ትሪ እየገፉ። «አሁን ይጨምሩልን። ስንወጣ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሽሮ ይመዝኑልኝ፣ እኔው ራሴ አደርስላታለሁ።»

«ለእሷ አንድ ይበቃታል» አለች እናቴ። አፏ ተመለሰ።

አባቴ ፌስታሉን ማስቀመጥ ረስቶ እንደያዘ መሀል ቤት ቆመና «ልጃችንን ሰጥተናል» አለ። ተመራረቁ፣ እኔም ወጥቼ ጉልበት ሳምኩ።

ሲወጡ ጋሽ ኢስማኢል በሩ ላይ ቆም አሉ። «አንድ ልመና ቀርታኛለች። ከሠርጉ በኋላ ቤተ ዘመድ ሲጠራ፣ አርብ ይሁንልኝ። ያን ቀንም ከወንድሞቼ ጋር ልብላ።»

እናቴ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፣ አቧራውን እፍ አለችና የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አወረደች።