አረቄ ያለበት የጉንፋን መድኃኒት

ዛሬ ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ለጎረቤታችን ለአዴ ዘይነባ የጉንፋን መድኃኒት በማንኪያ ሲሰጣቸው ደረስኩ።

«አዴ፣ እንዳይጠጡት! አረቄ አለው!» ብዬ ጮህኩ።

ለከተማችን ለሮቤ ብርድ ብዬ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በአረቄ ዘፍዝፌ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ጠርሙሱ ላይ ግን ምንም አልጻፍኩበትም።

የአዴን አፍንጫ ጉንፋኑ ደፍኖታል። ባሌ ደግሞ ደህና አፍንጫ ይዞም አያሸትም።

አዴ ማንኪያውን አስቀምጠው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። እኔ በሀፍረት ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ምን ያስደነግጥሻል ልጄ? እሱም አላወቀም፣ እኔም አልጠጣሁም» ብለው ሳቁ።

ወዲያው ዝንጅብል አፍልቼ የደሎ መና ማር ጨመርኩላቸው። ጠጥተው «ይሄኛውን ለእኔ፣ ያንን ለእናንተ» ብለውን ሄዱ።

ጠርሙሱ ላይ አሁን «አረቄ አለው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እናንተስ ቤት ያለ ስም የተቀመጠ ጠርሙስ ማንን አስደነገጠ? እስቲ አውጉኝ።