ያልተቀበልነው አዝማች

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ስዊድን አገር፣ ሻርሆልመን አጠገብ የሆስፒታል አንሶላ ማጠቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። የተቀደደውን የሚጠግኑት አንዲት አይሁዳዊት አዛውንት ናቸው። ስዊድንኛው «አንቺ» ቢያሰኘኝም በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተርፈው ከፖላንድ በልጅነታቸው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በስፌት የጨረሱ፣ ጡረታ ወጥተውም በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ የሚሉ ሴት ነበሩ።

አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። ጫፍና ጫፍ ይዘን ስንጎትት እሳቸው በአይሁዶቹ ቋንቋ በይዲሽ ስንኝ ያወጣሉ፣ እኔ አዝማቹን እቀበላለሁ። ልብስ ሰፊ ሴቶች አድማ ሲመቱ በር ላይ ቆመው የሚዘፍኑት ነው አሉኝ። ባላቸው ደግሞ ክሌዝመር የሚሉትን የሰርግ ሙዚቃቸውን በክላርኔት ይነፋሉ። አንድ ቀን የባላቸውን ጨዋታ በካሴት አሰሙኝ።

«ይሄ ሰርግ ነው ለቅሶ?» አልኳቸው።

«እንደ ሙሽራው ነዋ።»

ማጠቢያው ሊዘጋ ነው ተባለ። ፋኬት፣ የሠራተኛ ማኅበራችን፣ «እናያለን» ብሎ ዝም አለ። እኛ አሥራ አንድ ሴቶች ግን ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆመን ልንዘፍን ተማማልን። በምሳ ሰዓት አዝማቹን አስጠናኋቸው። ሶማሌዋም ፊንላንዳዊቷም በይዲሽ ሲኮላተፉ እሳቸው በሳቅ መርፌ ይጥሉ ነበር።

ሰኞ ስንገባ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ማስታወቂያ ተለጥፎ ጠበቀን። አራት ሰው ወደ ሌላ ማጠቢያ ይዛወራል፤ እነማን እንደሆኑ ገና አልተወሰነም። አንብበን አንዳችን ከአንዳችን ሳንተያይ ወጣን።

አለቃችን ብርጭቆውን ይዞ በመስኮት ያያል። ባላቸውም መጥተው ነበር፤ ክላርኔቱ ጀመረ። እሳቸው ስንኙን አውጥተው ጠበቁን። ሁላችንም ጫማችንን እናያለን። ክላርኔቱ አዝማቹን ለብቻው ተጫወተው። ደግመው አወጡ፤ ያው ነው። በሦስተኛው ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ልጆች አሉኝ እኮ፣ አልኩ በሆዴ። አፌን አልከፈትኩም።

ኮታቸውን ሳለብሳቸው ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ።

«ተይው ልጄ» አሉ። «በእኛም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ሰው የሚያወራው የዘፈነበትን ቀን ብቻ ነው።»

ከአራቱ አንዷ አልሆንኩም። ማጠቢያው በፀደይ ተዘጋ፤ እሳቸውም ተከታዩን ክረምት አልተሻገሩትም።

አሁን አንሶላ የማጥፈው ቤቴ ነው፣ አንዱን ጫፍ በአገጬ ይዤ። አዝማቹ ራሱ አፌ ላይ ይመጣል። ስንኙን ግን አላውቀውም፤ እሱን የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ።