አምስት ጊዜ ጊዜያዊ የሆነው ኦዴኒር

በከተማችን በፔድራ አልታ ኦዴኒርን የማያውቅ ሰው የለም። ጥፋቱም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ዐሥራ አራት ዓመት ለኡኒያዎ ክለብ በግራ መስመር ተከላካይነት ተጫወተ፤ የሌላ ቡድን ማሊያ ለብሶ አያውቅም። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ምክትል አሰልጣኝ አደረጉት። እኔ የቡድኑን ማሊያ የማጥብ ሰው ነኝ፣ ስለ ኳስ ብዙ አውቃለሁ አልልም። በደል ግን ሳይ አውቀዋለሁ።

እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው። ዓመቱ ሲጀመር የክለቡ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታርሲዚዮ ከሳኦ ፓውሎ አንድ አሰልጣኝ ያስመጣል። ሰውየው ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ ቀርቦ፣ በአሰልጣኛችን ሙሉ እምነት አለን ይላል። ይህን የሰማች የአሰልጣኝ ሚስት ሻንጣ ማዘጋጀት ትጀምራለች። በማግስቱ ይባረራል፤ ቡድኑ "ለጊዜው" ተብሎ ለኦዴኒር ይሰጣል። ኦዴኒር ወደ ታችኛው ሊግ ከመውረድ ያድነዋል፣ ውድድሩ ሲያልቅ ሌላ እንግዳ ይመጣል። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ዘንድሮም እንደዚያው ሆነና የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካላሸነፍን እንወርዳለን። ሳምንቱን ሙሉ ኦዴኒር ልጆቹን የማዕዘን ምት ብቻ ሲያለማምድ ሰነበተ። አጥቂው ጂልቫን ሰለቸው።

"ጋሼ፣ ኳስ ልንጫወት ነው ወይስ ማንጎ ልናወርድ?"

"ዝለል አንተ። ማንጎው ካልወረደ የምንወርደው እኛ ነን።"

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዶክተር ታርሲዚዮ መልበሻ ክፍል ገባ። የኦዴኒርን ትከሻ አቅፎ፣ ዛሬ ከተረፍን ቡድኑ ያንተ ነው፣ ቃሌ ነው አለ። ልጆቹ ሁሉ ሰሙ። እኔም ማሊያ እያደልኩ ነበር፣ ሰማሁ። በሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ጂልቫን ከማዕዘን የተሻገረውን ኳስ በግንባሩ መታና አንድ ለባዶ አሸነፍን።

ሰኞ አዲሱ አሰልጣኝ ሊተዋወቅ ሰው ተጠራ። ኦዴኒር ሚስቱ ማርሊዚ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። መድረኩ ላይ ግን ጥቁር መነጽር ያደረገ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሁለት ቡድን ይዞ ሁለቱንም ያወረደ ሰው። ፕሬዚዳንቱ "ፕሮፌሰር" እያለ አስተዋወቀው። አዳራሹ አጨበጨበ። እሑድ የኦዴኒርን ስም ሲጮኹ የዋሉት ናቸው ያጨበጨቡት።

ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ኦዴኒርን ወደ ኮሪደሩ ጠራው። እኔ ከማሊያ ቅርጫቴ ጋር እዚያው ቆሜ ነበር፤ ማጠቢያ ሰው ደግሞ እንደ ግድግዳ ነው፣ ማንም አያፍረውም። የተጫዋቾቹን ነገር ለአዲሱ እንዲያስረዳና ወደ ምክትልነቱ እንዲመለስ ነገረው።

"አትቀየም" አለው። "አንተን ሰው ያውቅሃል፣ ጎረቤቱ ነህ። የቤት ቅዱስ ተአምር አይሠራም ሲባል አልሰማህም?"

"ቅዱሱማ አምስት ጊዜ ሠርቷል፣ ዶክተር። የጠፋው ሻማ የሚያበራለት ነው።"

ፕሬዚዳንቱ ከት ብሎ ሳቀ። ኦዴኒር አልሳቀም። የመልበሻ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ቅርጫቴ ውስጥ ጣለው። የጂልቫን ቁርጭምጭሚት ስላበጠ እስኪሻለው እንዳያስሮጡት ለአዲሱ ሰውዬ ንገረው አለኝና ወጣ። ተበድሎም እንኳ የሚያስበው ለልጁ ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ይህ ግን የወርቅና የመዳብ ነገር አይደለም። ቃል ተሰጥቷል፣ ቃል ተበልቷል። ሃያ ሦስት ተጫዋች ሰምቶ አንድም አፉን አልከፈተም፤ ሁሉም ለቦታው ፈራ። ውሸታሙ አንድ ሰው ነው፣ ውሸቱን ደግፈን ያቆምነው ግን ሁላችንም ነን።

ኦዴኒር አሁን ከወንዙ ማዶ የጡብ ፋብሪካ ሠራተኞችን ቡድን ያሠለጥናል። ሜዳቸው ሣር የለውም፣ እሱ ግን ዋና አሰልጣኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማርሊዚን ገበያ አገኘኋት። ቲማቲም እየመረጠች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ያን ቀን መልበሻ ክፍል አንተም ነበርክ አይደል?"

"ነበርኩ" አልኳት።