የሊቀመንበሩ መርፌ

እህቴ ነርስ ናት። በደርግ ጊዜ ቆቦ ክሊኒክ ትሠራ ነበር። እኔ፣ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁት ታላቅ ወንድሟ፣ እዚያው ተላላኪ ነበርሁ። ሥራዬ ግቢ መጥረግ፣ ወረፋ ማስያዝ፣ መርፌ መቀቀል ነው። ዛሬ መርፌ አንዴ ተወግቶበት ይጣላል፤ ያኔ የመስታወት ስለነበረ እንደ እንቁላል ይቀቀል ነበር።

ባሕር ማዶ ጅዳ ያለ አንድ ሆስፒታል እህቴን በነርስነት ሊቀጥራት ተስማማ። ወረቀቷ ሁሉ አልቆ የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ቀረ። ያለ እሱ ደግሞ ፓስፖርት የለም። ሆስፒታሉም ረመዳን ሳይገባ ካልደረስሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን ብሏታል።

ማኅተሙ ያለው የቀበሌው ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ወገቡን ያመዋል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ክሊኒኩ መጥቶ መርፌ ይወጋል። ያኔ ያገራችን ሰው ኪኒን መድኃኒት አይመስለውም። ከጎብዬ ድረስ በእግሩ መጥቶ ኪኒን ከተሰጠው «ሳትወጉኝ ልትሰዱኝ?» ብሎ ይቀየማል። የሚወጋውም ሰው ይመረጣል፤ እጀ ቀላል አለ፣ እጀ ከባድ አለ። እህቴ እጀ ቀላል ነበረች። ሌላው ወጊ፣ ቁስል የሚጠርገው ድሬሰር ግን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሲወጋ ጉድጓድ የሚቆፍር ይመስል ነበር።

ደብዳቤውን ልጠይቅ ስሄድ ሊቀመንበሩ አላቅማማም።

«እሷ ሄዳ የዐረብ ወገብ ስትወጋ የኔን ማን ሊወጋ ነው?»

«ድሬሰሩ አለ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እሱ ከሚወጋኝ ግመል ቢረግጠኝ ይሻለኛል። እጀ ቀላል ሰው አምጣና እፈርማለሁ።»

ለእህቴ ነገርኋት። ታዝናለች ስል ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንተ ትወጋዋለህ።»

«አብደሻል? እኔ የምቀቅል ነኝ።»

«የቀቀለ ሰው ማቅረብ አያቅተውም፣ ወንድምዬ።»

ከመንገድ ዳር እምቧይ ለቅመን ከክሊኒኩ ጀርባ ትምህርት ጀመርን። ቢጫ ቢጫውን እየመረጥሁ ውኃ ወጋሁበት። «ቆዳው ወፍራም ነው» ብላት «የሊቀመንበሩም እንዲያው ነው» አለችኝ። በሳምንቱ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ሰጠችኝ። ወጋኋት። እሷ እንደ ቆመች ቀረች፣ እኔ ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። መርፌውን ከክንዷ ያወጣችው ራሷ ናት። ስነቃ ፊቴ ላይ ውኃ እያርከፈከፈች ትስቃለች።

«እጅህ ደኅና ነው፤ ልብህ ነው ያስቸገረው። ሰውየውን ወሬ አስጀምረው። ያኔ እሱም አይሰማው፣ አንተም አትፈራ።»

ማክሰኞ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ እምነት ኋላ ቀርነት ነው ይለናል፤ መርፌ ሲያይ ግን ቢስሚላሂውን ይደረድረዋል። የተገኘው እጀ ቀላል እኔ መሆኔን ነግረነው ሱሪውን ዝቅ አድርጎ አልጋው ላይ በሆዱ ተኛ። እህቴ መድኃኒቱን ቀድታ ሰጠችኝና በሩ አጠገብ ቆመች። 

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ የዋጃ የውኃ ቦይ ቁፋሮ እምን ደረሰ?» አልሁት።

ይህን የሚጠይቀው ሰው ናፍቆ ኖሯል። ስለ ዋጃ ሰዎች ስንፍና፣ እሱ ሄዶ እንዴት እንደ ተቆጣቸው፣ እነሱም እንዴት አንገታቸውን እንደ ደፉ ይነግረኝ ጀመር። ወጋሁት። እሱ ዋጃ ላይ ነው። በጥጥ አሸሁት። አሁንም ዋጃ ላይ ነው። እህቴ አፏን በመዳፏ አፍና ወጣች።

ወሬውን ሲጨርስ «በል እንግዲህ ውጋ» አለኝ።

«ተወግተዋል።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

በእጁ ዳበሰው። ዞሮ መርፌውን አየ፤ ባዶ ነው። ሱሪውን ታጠቀና፣ ቃሉን የሚበላ ሰው አልነበረም፣ ደብዳቤውን እዚያው የመድኃኒት ጠረጴዛ ላይ ፈርሞ ማኅተሙን መታበት።

«እሷ ትሂድ። አንተ ግን ከቀበሌዬ አትወጣም» አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

እህቴ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰች። በነርስነት ቢቀጥሯትም፣ እዚያ ስትደርስ የኛን አገር የነርስነት ወረቀት የሚያውቀው ስላልነበረ ስድስት ወር አንሶላ ስትቀይር ቆይታ፣ ፈትነው ነርስ አሏት። ይህን በደብዳቤ የነገረችኝ ጊዜ እኔ ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ወልዲያ ለመሄድ ሊቀመንበሩን ፈቃድ እየጠየቅሁ ነበር።

«ስንት ቀን ነው?»

«አራት።»

«ማክሰኞ ይገባበታል?»

«ይገባበታል።»

ወገቡን ያዝ አድርጎ አሰበ።

«እንግዲያው አይሆንም። ሙሽሮቹ መጥተው ይዩህ።»

መጡም።