አልጠፋ ያለው የፍሬን መብራት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ሰው ስለተጎዳ ብቻ አይደለም። የተጎዳችው ልጅ «ጥፋቱ የኔ ነው» ስትል እያወቅሁ ዝም ስላልኩ ነው።

መካነ ሰላም ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመሥሪያ ቤት ሞተር ሳይክል ዳገትና ቁልቁለት ስል ኖሬአለሁ። አሁን አሁን ሞተሩን ገና ሳየው ወገቤን ያመኛል። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። አይደለሁም፤ ግን ዝናብ እየወረደብኝ ቆሜ ማስተባበሉ ስለሚያደክመኝ ትቼዋለሁ።

ይመኙሻል እኛ ጋ ከተመደበች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅ እግር ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች፤ ይኼ ራሱ አንዳንዴ ያደክመኛል። መንገዱን ስለማውቀው እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሷ በራሷ ሞተር ትከተለኛለች። አንድ ቀን ከወግዲ ስንመለስ ሻይ ቤት ቁጭ እንዳልን፣ «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ልንገርዎ እያልኩ ነው፤ የፍሬን መብራትዎ እኮ አይጠፋም» አለችኝ። «መንገዱን ሙሉ እንደበራ ነው። መቼ እንደሚያቆሙ ስለማላውቅ ርቄ ነው የምከተልዎ።»

ሞተሩን ወደ ሰይድ ወሰድኩት። ሰይድ የከተማችን መካኒክ ነው፤ እጁም ቃሉም የሚታመን ሰው ነው። የኋላውን ፍሬን ረገጠ፣ መብራቱ በራ። ለቀቀው፣ ጠፋ። ራሱ ነድቶት ዞሮ መጣ። «ወላሂ ምንም የለውም» ብሎ መለሰልኝ። በማግሥቱ መንገድ ስንጀምር ይመኙሻል ከኋላ ጥሩምባ ነፋችብኝ። እንደበራ ነው።

በሁለተኛው ሰይድ ማብሪያውን ቀየረው። በሦስተኛው ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሾ አንድ የተላጠ ቦታ አገኘና በናስትሮ ጠቀለለው። ሁለታችንም ተገኘ ብለን ደስ አለን። አልተገኘም ነበር።

በአራተኛው ሰይድ ተቀየመኝ። «ጋሼ፣ እኔ ጋ ሲሆን ደህና ነው፣ እርስዎ ጋ ሲሄድ ይታመማል። ምን ላድርገው?» በሬም እንዲህ ያደርጋል። ሲያቃስት ያደረው በሬ ሐኪም ሲመጣ ተነሥቶ ሣር መንጨት ይጀምራል።

«በቃ አምፖሉን አውጣልኝና እንገላገል» አልኩት።

«አላወጣም። ከኋላዎ ሰው አለ» አለኝ።

መከራከሩም ደከመኝ። ቤቴ ሄጄ ሽፋኑን በካቻቪቴ ፈታሁና አምፖሉን ራሴ አወጣሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ለይመኙሻል አልነገርኳትም፤ ብነግራት እንደ አዲስ ልታነሣብኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ነው የዋልኩት።

ሳምንት አልሞላም። አንድ ቀበሌ ላይ አባ ሰንጋ ገባ፣ ሁለት ከብት ሞተ ተባለና የክትባት ሳጥናችንን ይዘን በጠዋት ወጣን። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። አሥር እርምጃ ራቅ ያለ ነገር አይታይም። ቁልቁለቱን እየወረድን ሳለ እህል የጫኑ አህዮች ከጉሙ ውስጥ ድንገት መንገዱ ላይ ወጡብኝ። ፍሬኑን ይዤ ቀጥ አልኩ። አህዮቹን አዳንኳቸው።

ወዲያው ከኋላ ተመታሁ።

ስነሣ ይመኙሻል ቦዩ ውስጥ ነበረች። ሞተሯ እየጮኸ ነው፣ የክትባቱ ሳጥን ተከፍቶ ብልቃጦቹ ጭቃ ላይ ተበትነዋል። ግራ እጇ ከአንጓው በላይ ተጣሟል። አላለቀሰችም፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ክትባቱ ነው። አህያ ነጂው ነጠላውን ሰጠኝና እጇን አሠርኩላት። ከዚያ በሚያልፍ የጭነት መኪና ይዣት ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ።

መኪናው ውስጥ ፊቷ አመድ መስሎ እንዲህ አለችኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰሞኑን መብራትዎ ጠፍቶ ሳየው ተሠራ ብዬ እሱን አምኜ ተጠግቼ ነበር የምከተልዎ። ዛሬ ሲበራ እንዴት እንዳላየሁት እንጃ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት። አምፖሉ ያን ሰዓት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሪፖርቱ ላይ «በጉም ምክንያት» ተብሎ ተጻፈ። አንብቤ ፈረምኩ።

የተሰበረውን የኋላ መብራት ሊሠራ ሰይድ ሲፈታው ውስጡ ባዶ ሆኖ አገኘው። ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ አምፖል ከተተና «ይውጡበት፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ልየው» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ እኔን ራሴን ሞተሩ ላይ አስቀምጦ መብራቱን አይቶ አያውቅም ነበር። ግቢውን በቀስታ መዞር ጀመርኩ።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «ቀኝ እግርዎን ያንሡት!»

አነሣሁት። «ጠፋ» አለ። «ይመልሱት።» መለስኩት። «በራ።»

የታመመው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ወድቄ ትከሻዬ ወልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፍርሃት የተነሣ እግሬ ፍሬኑን ለቆት አያውቅም ማለት ነው። የእግሬ ክብደት ሞተሩን ለማቆም ባይበቃም መብራቱን ለማብራት ይበቃል። የክረምት ቦቲ አድርጌ ደግሞ ከሥሬ ምን እንዳለ አይሰማኝም። የፍሬን ሸራ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብኝ ዕቃው ነው እያልኩ ሳማርር ኖሬአለሁ። ከይመኙሻል በፊት ከኋላዬ የሚሄድ ሰው ስላልነበረ የነገረኝ የለም።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ አክስቷ ቤት ሄድኩ። እጇ በጄሶ ታስሮ በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። አምፖሉን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኳት። እግሬንም፣ ካቻቪቴውንም፣ ፊርማዬንም።

አምፖሉን በደህናው እጇ ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየችው።

«እጄስ ይድናል» አለችኝ በመጨረሻ። «መኪናው ውስጥ ግን ይቅርታ ስጠይቅዎ እንዴት አስቻለዎት?»

በሳምንቱ ለመሥሪያ ቤቱ እውነቱን በጽሑፍ አስገባሁና ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ማስጠንቀቂያው እንደ ጥያቄዋ አልከበደኝም።

ጄሶው ተፈትቶላት ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት፣ ሞተሬን አስነሥቼ እንደ ወትሮው ልወጣ ስል አለፈችኝና ቆመች። «ከዛሬ ጀምሮ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ» አለች። እሺ አልኳት።

አሁን እኔ ነኝ የምከተላት። የእሷ መብራት ስትይዝ ይበራል፣ ስትለቅ ይጠፋል፤ እሱን አምኜ እሄዳለሁ። ወገቤ እንደ ድሮው ያመኛል፣ ቁልቁለቱም አልቀረም። አንዳንዴ ዝቅ ብዬ ሳይ እግሬ ፍሬኑ ላይ ተቀምጧል። አነሣዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ተመልሶ እዚያው ነው። ከኋላዬ ሆኖ በርቷል የሚለኝ ግን አሁን የለም።