የጅራት ጎማዋና የለመደ እጄ

ትናንት ጠዋት ሥራም ቤትም ነበረኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ግን አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር፣ የአገሬ ልጅ ሱቅ ጓሮ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ነው...

ሰባት ዓመት አል-ጣኢፍ በሚባል ሌላ ሰፈር አንድ ሐጂ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። በር እከፍታለሁ፣ አትክልት አጠጣለሁ፣ በሩ ጎን ባለችው ክፍል አድራለሁ። አገር ቤት ግን የአየር ኃይል መካኒክ ነበርኩ። ተሰድጄ ስመጣ የቀደሙኝ ሁሉ «ወታደር ነበርኩ እንዳትል፣ ጣጣ አለው» ስላሉኝ ለሐጂ «ገበሬ ነኝ» አልኳቸው። በዚያው ጸናሁ።

ሐጂ ከአባታቸው የወረሷት አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን አለቻቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ መጋዘን ውስጥ ትቀመጣለች። ጅራቷ ሥር ሚጢጢ ጎማ አለች፤ መሬት ላይ የምትታጠፈው በእሷ ነው። ሰሞኑን ግን ቀጥ በይ ስትባል ወደ ግራ እያለች አስመረረቻቸው። መሐንዲስ ነኝ ባይ ሁሉ መጥቶ ሞተሯን አይቶ ሄደ።

ትናንት እንዳጥባት ወሰዱኝ። ጅራቷ ሥር ጎንበስ ብል... ወይ ጉድ! ከመሪው ወደ ጎማዋ ከሚወርዱት ሁለት ሞላዎች የቀኙ እንደ አሮጌ ካልሲ ላስቲክ ላልቷል።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«ያ ሐጂ፣ ሞላው ነው። ሁለቱም ይቀየሩ።»

ሳቁ። «ወላሂ፣ ገበሬው መሐንዲስ ሆነ! ያላ፣ ሞክር እስቲ።»

ከአባታቸው የመለዋወጫ ሣጥን ጥንድ ሞላ አገኘሁ። ጅራቷን አንስተን በርሜል ላይ አሳረፍናት። ሞላዎቹን ቀየርኩ፣ ጎማዋን ከመሪው ጋር አስተካከልኩ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ ብሎኖቹ እንዳይፈቱ በሽቦ ጠምዝዤ ቆለፍኩ። እጄ አንድም ነገር አልረሳም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ሐጂ ገብተው ሞተር አስነሱ። እኛ ዘንድ አውሮፕላን ያዘጋጀ መካኒክ አብራሪውን በወታደር ሰላምታ ነው የሚሸኘው። ሳላስበው... ተረከዜን ገጥሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እጄን ግንባሬ ላይ አደረግኩ!

ነዷት። በክር እንደተለካ ቀጥ ብላ ሄደች። ተመልሰው ሲወርዱ ግን ጎማዋን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

«ያንን ሰላምታ ማን አስተማረህ?»

እውነቱን ተናገርኩ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ሰባት ዓመት ወታደር ቤቴ በር ላይ አስቀምጬ? የውጭ ወታደር በሚታደንበት በዚህ ጊዜ? ፈታሽ ቢመጣ ምን እላለሁ? ኻላስ፣ ዛሬውኑ ውጣ።»

«ሐጂ፣ በሰባት ዓመት አንዲት ሚስማር እንኳ ጠፍታብዎታለች?»

«አልጠፋችም። ግን ሰባት ዓመት እንዲህ አፉን የሚቆልፍ ሰው ያስፈራኛል» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ። ተመለስ ሊሉኝ ነው ብዬ ሻንጣዬን አነሳሁ።

«ያቺ የጅራት ጎማ በስንት ጊዜዋ ነው ግሪስ የምትቀባው?»

ሻንጣዬን መልሼ አስቀምጬ በዝርዝር ነገርኳቸው። ምን ላድርግ... አውሮፕላኗ ምን አጠፋች?